የዋና ገንዳ ውኃ በወረርሽኝ ወቅት

ከመስቀል አደባባይ እስከ ካዛንቺስ ባለው አጭር ርቀት ውስጥ አዲስ አበባ ከውኃ ጋር ያላት የቆየ ትስስር በግልጽ ይታያል። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱን ከእንጦጦ ስቦ ለከተማዋ መመሥረት ምክንያት የሆነው ፍል ውኃ በዚሁ አካባቢ ይገኛል። የሒልተን ሆቴል ገንዳ ከምድር በሚወጣ ፍል ውኃ የሚሞቅ ሲሆን፣ በአደባባዩ አቅራቢያ ያለው ግዮን ሆቴልም በዋና ገንዳው ይታወቃል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ ከተገለጸ ወዲህ ግን ልጆቻቸውን ወደ ዋና የሚወስዱ ወላጆች አንድ ጥያቄ ያነሳሉ፤ ቫይረሱ በገንዳ ውኃ ይተላለፋልን?

በአግባቡ ክሎሪን በተጨመረበት ውኃ ውስጥ በመዋኘት በሽታው እንደሚተላለፍ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። የቫይረሱ የላይኛው ሽፋን ከስብ የተሠራ በመሆኑ ክሎሪን በቀላሉ ያፈርሰዋል። ስጋቱ የሚበረታው ሰዎች ተጠጋግተው በሚነጋገሩበት በገንዳው ዳር፣ በተለይም በጠባቡ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ነው። ይሁንና «በአግባቡ» የሚለው ቃል በግምት ሳይሆን በመለኪያ የሚረጋገጥ ነው።

በገንዳው ውኃ ውስጥ ያለው ነጻ ክሎሪን በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም፣ የውኃው ፒኤች ደግሞ ከ7.2 እስከ 7.8 ሊሆን ይገባል። ሁለቱ የማይነጣጠሉ ናቸው። ፒኤች 7.5 ሲሆን ከነጻው ክሎሪን ጀርም የመግደል ኃይሉ የበረታው ክፍል ግማሽ ያህል ነው፤ ፒኤች 8 ሲደርስ ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ክሎሪኑን ብቻ ለክቶ መዝገብ ላይ የሚጽፍ ሠራተኛ ሥራውን በግማሽ ትቶታል። ፍል ውኃ ከምድር ይዟቸው የሚወጣ ማዕድናት ስላሉት በእንዲህ ዓይነት ገንዳ ፒኤችን አዘውትሮ መለካት ይበልጥ ያስፈልጋል። ጣሪያ በሌለው ገንዳ ላይ ደግሞ የቀትር ፀሐይ ክሎሪንን በፍጥነት ያጠፋል፤ ጠዋት የተገኘ ውጤት ለከሰዓት ዋስትና አይሆንም።

ብዙዎች ዓይን የሚያቃጥልና አጥብቆ የሚሸት ገንዳ ክሎሪን የበዛበት፣ ስለዚህም ንጹሕ ይመስላቸዋል። እውነቱ በአብዛኛው ተቃራኒው ነው። ያ ሽታ ክሎሪን ከላብና ከሽንት ጋር ተዋሕዶ ኃይሉ መዳከሙን ያመለክታል። ከመግባት በፊት በሳሙና ገላን መታጠብ የሚጠየቀውም ለዚሁ ነው።

የሚጨመረው መጠን በስሌት ይወሰናል። ርዝመቱ 25 ሜትር፣ ስፋቱ 12.5 ሜትር የሆነ ገንዳ ጥልቀቱ ከ1.2 ሜትር ተነሥቶ በእኩል ዝቅታ እስከ 2 ሜትር የሚወርድ ከሆነ አማካይ ጥልቀቱ 1.6 ሜትር ነው። ሦስቱ ሲባዙ 500 ሜትር ኩብ ውኃ ይሆናል። በጥልቁ በኩል ብቻ ለክቶ በ2 ሜትር ማባዛት የተለመደ ስሕተት ሲሆን፣ የሚጨመረውን ክሎሪን በሩብ ያበዛዋል። በሊትር 1 ሚሊግራም ማለት በሜትር ኩብ 1 ግራም ማለት ነው። መለኪያው 0.4 ቢያሳይና ወደ 2 ማድረስ ቢፈለግ ልዩነቱ 1.6 ነው፤ በ500 ሲባዛ 800 ግራም ንጹሕ ክሎሪን ያስፈልጋል። 65 በመቶ ጥንካሬ ባለው የክሎሪን ዱቄት ሲሠራ 800 ለ0.65 ተካፍሎ 1,230 ግራም ገደማ ይመጣል። በ5 በመቶ በረኪና ቢሆን ደግሞ 16 ሊትር ይጠይቃል። በረኪና በቆይታና በሙቀት ስለሚደክም የተመረተበትን ቀን ማየት ይገባል።

ዱቄቱ ምንጊዜም ወደ ውኃ ይጨመራል እንጂ ውኃ በዱቄቱ ላይ አይፈስም። ከአሲድ ጋር ከተገናኘ ሳንባን የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ ሁለቱ በአንድ መደርደሪያ ላይ መቀመጥ የለባቸውም። ጨመራው ዋናተኛ በሌለበት ሰዓት ተከናውኖ፣ ውኃው ዳግም ከተለካ በኋላ ብቻ ሰው ይገባል።

የገንዳ ውኃ ግን የፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት አይደለም። የበር እጀታዎችንና መቀመጫዎችን ለማጽዳት የሚያገለግለው 0.1 በመቶ ድብልቅ በሊትር 1,000 ሚሊግራም ክሎሪን ይይዛል፤ ይህም በሊትር 2 ሚሊግራም ካለው የገንዳ ውኃ 500 እጥፍ ነው። ድብልቁ ከ5 በመቶ በረኪና አንድ እጅ ወስዶ 49 እጅ ውኃ በመጨመር ይዘጋጃል። ከገንዳ የወጣ ሰው እጁን በሳሙና መታጠብ አይቀርለትም።

ሁለት የአዋቂ እርምጃ ርቀት ለመጠበቅ ለአንድ ሰው ቢያንስ 4 ካሬ ሜትር ቢታሰብ፣ 6 በ8 ሜትር የሆነ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ከ12 ሰው በላይ አይይዝም፤ የመቆለፊያ ሣጥኖች የያዙት ቦታ ሲቀነስ ቁጥሩ ገና ይወርዳል። ስለሆነም በአንድ ጊዜ የሚገባውን ሰው ብዛት የሚወስነው ብዙውን ጊዜ የገንዳው ስፋት ሳይሆን ይህ ክፍል ነው። የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ሲረጥብ መተንፈስ ስለሚከለክል በውኃ ውስጥ አይደረግም፤ ከውኃው ውጭ ግን በወረርሽኙ ወቅት ግዴታ ነበር። ርቀትን የማስጠበቅ ሥራ ለሌላ ሠራተኛ ይሰጥ እንጂ ለሕይወት አድን ጠባቂው አይጨመርበት፤ ዓይኑ ከውኃው ላይ ሊነሣ አይገባም።

ወላጅ ከመክፈሉ በፊት የዕለቱን የክሎሪንና የፒኤች መዝገብ እንዲያሳዩት መጠየቅ ይችላል። በጥልቁ በኩል ያለው የውኃ መውረጃ ወንፊት ከዳር ሆኖ በግልጽ የማይታይ ከሆነ፣ ጠባቂው የሰጠመን ልጅም ማየት ስለማይችል ልጁን ማስገባት የለበትም።