«ገባኝ» ያልነው ሳይገባን ነበር

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው አራት ሠልጣኞች ጆሯችን ደከም ያለ ነው። ሁለታችን በልጅነት ጆሯችን መግል እየቋጠረ ሲፈስ ኖሮ፣ አንዳችን ከማጅራት ገትር በኋላ፣ አንዳችን ደግሞ ከምን እንደመጣ ሳይታወቅ ነው። ፈጽሞ የማንሰማ አይደለንም፤ ቃሉ ግን ተቆራርጦ ይደርሰናል። ጣጣውም እዚህ ላይ ነው። ጨርሶ የማይሰማን ሰው ሁሉም ይረዳለታል፤ ግማሹን የሚሰማውን ግን «ሲፈልግ ይሰማል» ይሉታል። ከኋላው ሰላም ብለውት ዝም ካለማ ኩራተኛ ነው!

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ መሠረት የመስማት ችግራቸው እርዳታ የሚሻ ሰዎች 430 ሚሊዮን ያህል ናቸው። በሕፃናት ላይ ከሚደርሰውም 60 በመቶ ያህሉ አስቀድሞ ሊከላከሉት የሚቻል ነው። እንግዲህ ለማስተማር ስትወጡ እንዲህ ያለ ልጅ ክፍላችሁ ውስጥ ማግኘታችሁ አይቀርም።

እኛ የተዋወቅነው በፈተና ሰበብ ነው። አንድ መምህር የፈተናውን ሰዓት ወደ ጠዋት ማዞራቸውን ሲናገሩ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ነበር። «ገባችሁ?» ሲሉ ሁሉም «አዎን» አለ፤ እኛም አልን። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሁለታችን ባዶው ክፍል በር ላይ ተገጣጠምን። «አንተም?» «አንተም?» ተባባልንና ሳቅን። ውጤቱ ሲለጠፍ ግን የሚያስቅ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እንሰበሰባለን። ያመለጠንን ማስታወሻ እናሟላለን። ከሁሉ የበለጠው ልምምዳችን ግን «አልሰማሁም፣ ይድገሙልኝ» ማለት ነው። ቀላል ይመስላል እኮ! አንዳችን ይህን ክፍል ውስጥ ለመናገር ሦስት ሳምንት ፈጅቶበታል። «ምን?» ብቻ ከማለትም «ፈተናው ሐሙስ ነው ብለዋል፣ ሰዓቱን አልሰማሁም» ማለት እንደሚሻል ደረስንበት፤ የሚደግመው ሰው የጎደለውን ብቻ ይሞላልና።

የከንፈር ንባብም እንለማመዳለን፤ ሆኖም በከንፈር ብቻ አይታመንም። እስቲ መስተዋት ፊት ቆማችሁ ያለ ድምፅ «ሰማ» እና «ሰባ» በሉ። አንድ ናቸው! «መ» እና «በ» ሁለቱም ከንፈር ገጥሞ የሚወጡ ናቸውና። «ከ»፣ «ገ» እና «ቀ» ደግሞ ከአፍ በስተኋላ ስለሚወጡ ከንፈር ላይ አይታዩም። ልዩነቱን የምናገኘው ከሐሳቡ ነው፤ ስለዚህ መምህሩ ርእሱን አስቀድሞ ሰሌዳው ላይ ከጻፈልን ግማሽ መንገድ አደረሰን ማለት ነው። መጮህ ግን አይጠቅምም፤ የከንፈርን ቅርጽ ያበላሻል። መስኮት ከኋላ አድርጎ መቆምም ፊትን ያጨልማል። መስሚያ መሣሪያ ያለውም ቢሆን መሣሪያው የክፍሉን ጫጫታ አብሮ ያጎላበታል።

አጠገብ የሚቀመጥ ጓደኛ ብዙ ይረዳል፤ ማን እየተናገረ እንደሆነ በጣቱ ያሳያል፣ ገጹንና ቀኑን ይጽፍለታል። ታዲያ አንድ ልጅ ላይ ዓመቱን ሙሉ አይጫንበት፣ ይቀያየሩ። ረዳቱም ስለ ጓደኛው አይመልስለት። ከመካከላችን አንዱ ስድስተኛ ክፍል ሳለ ጥያቄውን ሁሉ ጎረቤቱ ይመልስለት ስለነበር ዝምታን ለምዶ ቀረ፤ ዛሬም ያ ልማድ አለቀቀውም። በትምህርት ቤታችሁ እንዲህ ያሉ ሁለት ልጆች ካሉ ክፍላቸው ቢለያይም አስተዋውቋቸው። እኛ እርስ በርሳችን የተማርነውን ጆሮው ደህና የሆነ ጓደኛ ሊያስተምረን አልቻለም ነበር፤ ከእሱ ፊት «አልሰማሁም» ማለት ያሳፍረን ነበርና።

ቅዳሜ በ9 ሰዓት ከቤተ መጻሕፍቱ ኋላ ባለው ክፍል እንገኛለን። ብታንኳኩ ላንሰማ ስለምንችል ዝም ብላችሁ ግቡ።