ምዕራፍ 7፦ ሕግ የተማረ ሰው ፖለቲካ ሲገባ

ሸዋ ሮቢት ላይ ጥብቅና የሚሠራ ወጣት የሕዝቡን ብሶት ከሥሩ ያውቃል። የእርሻ ወሰን፣ የመስኖ ውኃ ተራ፣ የቀለብ ክርክር በየቀኑ ደጁ ይመጣል። ውሎ አድሮ ለክልል ምክር ቤት ልወዳደር ቢል የሚገርም አይሆንም። ግን ከሙያው ምን ይዞ ይግባ?

የብርቱካን ሚደቅሳ ሕይወት ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ አለው።

ወ/ሪት ብርቱካን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቀው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ። ከ1993ቱ የሕወሓት መከፋፈል በኋላ በሙስና የታሰሩት የቀድሞው መከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ የዋስትና ጥያቄ እሳቸው ችሎት ቀረበ። መንግሥት ምን እንደሚፈልግ የማያውቅ አልነበረም። ዳኛዋ መዝገቡን አይተው ዋስትናውን ፈቀዱ። ስዬ ወዲያው ተመልሰው ተያዙ።

ብርቱካን ኋላ ወደ ጥብቅና፣ ከዚያም ወደ ፖለቲካ ገቡ። በ1997ቱ ምርጫ የቅንጅት አመራር ሆኑ፤ ታሰሩ፤ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው፤ ሐምሌ 1999 በይቅርታ ተፈቱ። የአንድነት ፓርቲ ሊቀመንበር ሳሉ ስለ ይቅርታው አሰጣጥ የተናገሩትን እንዲያስተባብሉ ሲጠየቁ እምቢ አሉ። «ቃሌ» በሚል ርዕስ የሆነውን በጽሑፍ አስረዱ። ታኅሣሥ 2001 እንደገና ታስረው እስከ መስከረም 2003 ቆዩ። እሳቸው እስር ቤት ሳሉ አንድነትን ከተቀላቀሉት አንዱ እኚያው ስዬ አብርሃ ነበሩ።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባላል። ብርቱካን ግን እንዲህ አላደረጉም፤ በ2011 የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ፤ በ2015 ሥልጣናቸውን በፈቃዳቸው ለቀቁ። ሥራው ቀላል አልነበረም። በሚያዝያ 2013 አጣዬና ሸዋ ሮቢት በግጭት ሲታመሱ አገራዊው ምርጫ ሁለት ወር ገደማ ነበር የቀረው። ጸጥታ በሌለበት ቦታ ድምፅ ማሰጠት አይቻልም፤ የመራጩ መብት ደግሞ እንዲሁ አይዘለልም። ሁለቱን አመዛዝኖ መወሰን የዳኛ ሥራ ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ትልቁ ነገር ለማትደግፈው ሰውም መብት መቆምን ነው። የዛሬ ባላንጣህ የነገ ጓድህ ሊሆን ይችላል፤ ባይሆንም ሕጉ ለእሱም ሕግ ነው።

እንዲህ ጀምር፦

1. የማትወደውን ሰው ጉዳይ ወስደህ የሚከራከርለትን አንቀጽ ፈልግ።
2. በአደባባይ ከመናገርህ በፊት ቃልህን ጻፈው፤ ችሎት ፊት ልትደግመው የማትችለውን ሰርዝ።
3. ሹመት ከመቀበልህ በፊት በምን ምክንያት እንደምትለቅ ወስን።