ጥቁር ድንጋይ ይዞ ለመጣው ልጄ

ልጄ፣ ከገበዝ ማርያም ወዲያ ከወንዙ ዳር አንሥተህ ያመጣኸውን ድንጋይ አየሁት። ደላላው «ማንጋኒዝ ነው፣ ትከብራለህ» ብሎሃል አሉ። ዶማ ከማንሣትህ በፊት ስማኝ።

1. መጀመሪያ ስበረው። ውስጡ ግራጫ ከሆነ ጥቁረቱ ከላይ የተለበሰ ነው። የምዕራብ ጎጃም ድንጋይ በብዛት ባዛልት ነው፤ በስንጥቁ የሚያልፍ ውኃ ማንጋኒዝ ጥሎ ይሄዳል። አንዳንዴ የቅጠል ቅርጽ ይሥልና ሰው «የጥንት ተክል ነው» ይላል፤ አይደለም። ማሳ ስትቆፍር ከቀዩ አፈር የምታገኛቸው ጥቋቁር እንክብሎችም ብረትና ማንጋኒዝ ናቸው። ገበያ ግን አያወጡም።

2. ውስጡም ጥቁር ከሆነ፣ ቀለም ባልነካው የሲኒ ቂጥ ላይ ፈትገው። ፓይሮሉሳይት፣ ማለትም ዋናው የማንጋኒዝ ኦክሳይድ ማዕድን፣ ጥቁር መስመር ይተዋል። ቀላ ያለ ከተወ ሄማታይት የሚሉት የብረት ማዕድን ነው፤ ማግኔት አጥብቆ ከሳበው ደግሞ ማግኔታይት ነው። በጥንካሬው ብቻ አትፍረድ፤ ፓይሮሉሳይት ዱቄታማው እጅ ያጠቁራል፣ ክሪስታሉ ብርጭቆ ይጭራል። ግራፋይትም እጅ ያጠቁራል፤ ነገር ግን ቀላል ነው። ፓይሮሉሳይት ከውኃ ከ4 እጥፍ በላይ ስለሚከብድ መዳፍህ ይለየዋል።

3. ያገራችን የታወቀ የማንጋኒዝ ክምችት ሩቅ ነው፤ በሰሜን አፋር በረሃ፣ እንካፈላ ላይ። እዚያ ከመሬት ሥር የወጣ ትኩስ ውኃ ማንጋኒዝን ከብረትና ከባሪየም ጋር አከማችቶታል። ዓለም ከሚያወጣው ማንጋኒዝ አብዛኛው የሚሄደው ወደ ብረታ ብረት ፋብሪካ ነው።

4. ይህን ማዕድን ሳታውቀው ይዘኸዋል። በባትሪ ድንጋይ ውስጥ ያለው ጥቁር ዱቄት የማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድና የካርቦን ድብልቅ ነው፤ ፈረንሳዊው ጆርጅ ሌክላንሼ እ.ኤ.አ. በ1866 የጀመረው ሥራ ነው። እኛ ተማሪ ሳለን ያለቀ ድንጋይ ቀጥቅጠን ሰሌዳ እናጠቁርበት ነበር፤ ጎበዞች ነን ብለን! አንተ አታድርገው። እ.ኤ.አ. በ1837 ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጆን ኩፐር ማዕድኑን የሚፈጩ ሠራተኞች አረማመዳቸው ተበላሽቶ አግኝቷል፤ ብናኙ አንጎል ይጎዳል። አሲድም እንዳታፈስበት፤ ኬሚስቱ ሼሌ እ.ኤ.አ. በ1774 መርዛማውን የክሎሪን ጋዝ ያገኘው እንዲሁ አድርጎ ነው።

5. ማዕድን የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 678/2002 ያለ ፈቃድ መቆፈርን ይከለክላል። ናሙናህን ይዘህ ወደ ማዕድን ጽሕፈት ቤት ሂድ። ደላላው «ለማስመርመሪያ» ብሎ ገንዘብ ከጠየቀህ ግን አምስት ብር እንዳትሰጠው።