በገዛ እጃችን የምናስገባው ጠላት

ከደባርቅ ተነሥቶ ጨነቅ የደረሰ ጓደኛችን «የዋልያ ፎቶግራፍ ልኬላችኋለሁ» ቢለን፣ ሳንከፍተው የምናድር ስንቶቻችን ነን? ሆኖም በውጭው ፎቶግራፍ የሚመስለው ፋይል በውስጡ ሌላ ሥራ የሚሠራ ፕሮግራም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው አታላይ ፕሮግራም ትሮጃን ይባላል። ስሙ የመጣው ከጥንት ግሪኮች ታሪክ ነው፤ የትሮይ ሰዎች ወታደር የተደበቀበትን የእንጨት ፈረስ ስጦታ መስሏቸው ራሳቸው ጎትተው ወደ ከተማቸው አስገቡት።

ቫይረስ ከፋይል ወደ ፋይል ራሱን እያባዛ ይዛመታል፤ ትሮጃን ግን አብዛኛውን ጊዜ የኮምፒውተሩ ባለቤት እስኪከፍትለት ድረስ ደጅ ይጠብቃል። ከገባ በኋላ የምንጽፈውን ፊደል ሊመዘግብ፣ የይለፍ ቃላችንን ሊሰርቅ፣ ማይክሮፎኑንና ካሜራውን ሊከፍት ይችላል።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ክፍል የሆነው ሲቲዝን ላብ በ2005 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፣ ፊንስፓይ የተባለው የስለላ ፕሮግራም የግንቦት 7 አባላትን ፎቶግራፍ ማጥመጃ አድርጎ መላኩን ገለጸ። በ2006 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ደግሞ በውጭ አገር ለሚሠሩ የኢሳት ባልደረቦች በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሦስት ጊዜ ተሞከረባቸው፤ ጽሑፍ መስሎ የመጣው ፋይል የስለላ ፕሮግራም ነበር። በ2010 ዓ.ም. በወጣው ጥናት ዘዴው ሌላ ነው፤ ቪዲዮ ለማየት የገባ ሰው አስቀድሞ ፍላሽ ፕሌየርን እንዲያድስ ይጠየቃል፤ እድሳቱ ግን ሐሰተኛ ነው። ከዒላማዎቹ መካከል አንድ የዶክትሬት ተማሪና አንድ ጠበቃ ይገኙ ነበር፤ ከአጥኚዎቹም አንዱ ራሱ ተሞክሮበታል። እንግዲህ ፎቶግራፍ፣ ጽሑፍና ቪዲዮ፣ ሁሉም ሰውየው ሊያየው የሚጓጓለት ነገር ነበር።

«እኛ ተማሪዎች ምን የሚሰለል አለን?» የሚል አይጠፋም። የመመረቂያ ጽሑፋችን፣ በስልክ የምናንቀሳቅሰው የባንክ ሒሳባችን፣ የጓደኞቻችን አድራሻ ሁሉ በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። በእኛ ስም የተላከን ፋይል ደግሞ ጓደኞቻችን ሳይጠራጠሩ ይከፍቱታል። ስለዚህ የአንዱ ቸልተኝነት የሁላችን ጉዳት ነው።

መከላከያው ከሁሉ አስቀድሞ ልማድ ነው።

አንደኛ፣ የፋይሉን ስም መጨረሻ እንመልከት። ዊንዶውስ ይህን ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ስለሚደብቀው እንዲታይ እናድርግ። ፎቶግራፍ ነው ተብሎ መጨረሻው ኢ-ኤክስ-ኢ የሆነ ፋይል ፕሮግራም ስለሆነ አይከፈት።

ሁለተኛ፣ ያልጠበቅነው ፋይል ከወዳጅም ቢመጣ ስልክ ደውለን እንጠይቅ።

ሦስተኛ፣ ፕሮግራምንም ሆነ እድሳትን ከሠሪው ድርጅት ብቻ እንውሰድ። ቁልፉ ተሰብሮ በነፃ የሚታደል ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ትሮጃን ያዘለ ነው።

አራተኛ፣ ጽሑፍ ማተሚያ ቤት ቆይቶ የተመለሰ ፍላሽ ሳይመረመር አይከፈት፤ የመመረቂያ ጽሑፋችንም ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ቦታ ይቀመጥ።

ገብቶብናል ብለን የጠረጠርን እንደሆነ ወዲያውኑ ኢንተርኔቱን እናቋርጥ፤ የይለፍ ቃላችንንም ንጹሕ በሆነ ሌላ ኮምፒውተር እንለውጥ። ነገሩን ከማፈር የተነሣ አንደብቀው፤ ለጓደኞቻችን ቶሎ ብንነግራቸው እነርሱ ይድናሉ።