የኮንዳይል ስብራት፦ ማሰር ወይስ መክፈት?

የታችኛው መንጋጋ ከጆሮ ፊት ለፊት ከራስ ቅል ጋር የሚገጣጠምበት ጫፍ ኮንዳይል ይባላል። አገጭ በብርቱ ሲመታ ኃይሉ በአጥንቱ ተላልፎ የዚህን ጫፍ ቀጭን አንገት ሊሰብር ይችላል፤ ስለሆነም ወድቆ አገጩ የተሰነጠቀ ሕፃን ቁስሉ ተሰፍቶ ብቻ ሊሸኝ አይገባውም።

ነባሩ ሕክምና፣ ቆዳ ሳይከፈት የላይኛውንና የታችኛውን ጥርስ በሽቦ ወይም በላስቲክ አያይዞ ማቆየት ነው። አጥንቱ ወደ ቀድሞ ቦታው ባይመለስም ጡንቻውና መገጣጠሚያው አዲሱን ይዞታ ይለምዳሉ ከሚል እምነት የመነጨ ነው። የታይታኒየም ሰሌዳና ብሎን ከተስፋፋ ወዲህ ግን ስብራቱን ከፍቶ መግጠም ይሻላል የሚሉ ባለሙያዎች በረከቱ። ተቃዋሚዎቻቸው በዋናነት የሚያነሡት የፊት ነርቭን ነው፤ ቅርንጫፎቹ በቀዶ ሕክምናው መንገድ ላይ ስለሚገኙ ሲጎዱ የፊት ጡንቻ፣ ብዙውን ጊዜ ለጊዜው፣ አልፎ አልፎም ለዘለቄታው ይዝላል።

ኤኬልትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት፣ ታካሚዎችን በዕጣ የመደበ ጥናት ከ10 እስከ 45 ዲግሪ ያዘነበሉ ወይም በ2 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ያጠሩ ስብራቶችን ተመልክቷል። ሁለቱም መንገዶች ተቀባይነት ያለው ውጤት ቢያስገኙም ቀዶ ሕክምናው ብልጫ አሳይቷል፤ የአፍ አከፋፈት በአማካይ 47 ሚሊ ሜትር ሲደርስ በሌላው ወገን 41 ነበር። ሕመሙም አንሷል።

ከዚህ ተነሥቶ ሁሉም ይከፈት ማለት የሚያዛልቅ አይመስለኝም። ማሰር ቀላልና ርካሽ ነው የሚለው የተለመደ አነጋገርም ፍተሻ ያሻዋል። ላስቲኩ ይለወጣል፣ የጥርስ ግጥጥም ይታያል፣ አፍን የመክፈት ልምምድ ይመራል፤ ይህ ሁሉ ታካሚው ተመላልሶ እንዲመጣ ይጠይቃል። ከሩቅ ገጠር መጥቶ፣ ለሳምንታት በአጥሚት ሰንብቶ፣ የመጓጓዣ ገንዘብ አጥቶ የቀረ ገበሬ ሕክምናው ከመንገድ ተቋርጦበታል።

በሕፃናት ዘንድ ጉዳዩ ይለያል። አጥንታቸው ራሱን መልሶ የመቅረጽ ኃይል ስላለው አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና አያሻቸውም፤ የሚያሰጋው ረጅም እስራት ነው። ሳይንቀሳቀስ የቆየ መገጣጠሚያ ከራስ ቅል ጋር ሊዋሐድ ይችላል። ያን ጊዜ አፍ አይከፈትም፣ አገጭ ሳያድግ ይቀራል፣ በእንቅልፍ መተንፈስ ይታወካል፤ ለማስተካከያው ቀዶ ሕክምና ማደንዘዣ መስጠትም እጅግ ይከብዳል። ለሕፃኑ እናት የሚሰጠው አፍ የማስከፈት ልምምድ መመሪያ እንግዲህ ከራጁ ንባብ እኩል በካርዱ ላይ ሊሰፍር ይገባል።