የኮንዶሚኒየም ጥበቃው የማን ሠራተኛ ነው?

በሰሚት፣ በአያት፣ በገርጂና በቦሌ አራብሳ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተመሳሳይ ክርክር ይነሣል። ለዓመታት በር ላይ ያደረ ጥበቃ አንድ ጠዋት «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ» ይባላል። ሲጠይቅ ኮሚቴው «እኛም በነፃ ነው የምናገለግለው፤ ድርጅት አይደለንም» ይለዋል።

ጥበቃው እርስዎ ከሆኑ ይህን መልስ ሰምተው ዝም አይበሉ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ለመባል ትርፍ ማግኘት ግድ አይደለም፤ ለሌላ ሕጋዊ ዓላማ የተቋቋመም ደመወዝ ከፍሎ ካሠራ አሠሪ ነው። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 የተመዘገበ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ደግሞ የሕግ ሰውነት ስላለው በስሙ ይከሰሳል። አዋጁ ለአሠሪውና ለቤተሰቡ የሚሰጥን የግል አገልግሎት፣ ዘበኝነትን ጨምሮ፣ እንደማይሸፍን ኮሚቴው ሊያነሣ ይችላል። በእኔ አስተያየት ግን ከመቶ ቤት በሚዋጣ ገንዘብ ሁሉንም ብሎክ የሚጠብቅ ሰው የማንም ቤተሰብ ሠራተኛ አይደለም።

ውሉ በቃል መሆኑም መብትዎን አያስቀርም። እንዲያውም «ገና ሙከራ ላይ ነህ» የሚሉትን የሚጎዳው ይኸው ነው፤ የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ካልተስማሙበት የለም፤ ቢኖርም ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም።

ሰዓቱን እንቁጠር። ከምሽቱ 12 ሰዓት የገባ ጥበቃ ስምንቱን መደበኛ ሰዓት ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ይጨርሳል። ከዚያ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው አራት ሰዓት ትርፍ ሰዓት ነው፤ የሚከፈለውም በመደበኛው የሰዓት ክፍያ 1.75 ተባዝቶ ነው። ትርፍ ሰዓት በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ አይችልም፤ ስድስት ሌሊት እንዲህ ያደረ ሰው ግን 24 ሰዓት ደርሷል። ሰባተኛዋን ሌሊትም የሚያሳድሩ አሉ፤ ያ የሳምንት ዕረፍቱን መንጠቅ ነው።

ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ የስንብት ማስጠንቀቂያው ሁለት ወር ነው። ያውም በቂ ምክንያት ሲኖር ነው፤ ማስጠንቀቂያ ብቻውን ስንብቱን ሕጋዊ አያደርገውም።

በየተራው ሮንድ የሚወጣ ነዋሪ ግን በጎ ፈቃደኛ ነው፤ ደመወዝ የለውምና የሥራ ውል የለም። ሰዓት ተመድቦለት፣ በሰብሳቢው እየታዘዘ፣ በየወሩ የተቆረጠ «የኪስ ገንዘብ» የሚቀበለው ወጣት ሌላ ነው። ስሙን በጎ ፈቃደኛ ቢሉትም ሠራተኛ ነው ብዬ እከራከርለታለሁ።

የባንክ ወይም የቴሌብር ክፍያ ማስረጃ፣ የተረኛ መፈረሚያ መዝገብ ቅጂና የሚያውቁዎት ነዋሪዎች ምስክርነት ይጠቅምዎታል። ሠራተኛ ለሥራ ክርክር ችሎት የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ወደ ሥራ ለመመለስ ያለዎት ጊዜ ግን ከተሰናበቱበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ብቻ ነው፤ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄም በስድስት ወር ይታገዳል። ኮሚቴው «ስብሰባ ላይ እናየዋለን» ካለዎት እየጠበቁ ቀኑን አያሳልፉ፤ አቤቱታዎን ያስገቡ።