ትምህርት፦ መረቡ የሚተወው ዓሣ

በጾም ወራት በአዳማ፣ በሞጆና በመቂ የዓሣ ፈላጊው ይበዛል። ከቆቃና ከዝዋይ (ደንበል) የሚወጣው ዓሣ ግን ያንኑ ያህል አይበዛም። ስለዚህ አስጋሪው ምን ያህል ይያዝ፣ ምን ያህሉንስ ይተው የሚለው ጥያቄ የእርሱ ብቻ ሳይሆን የገዢውም ነው።

፩. ገደቡ እንዴት ይደረጋል?

በአገራችን የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቶአል። አዋጁ ለንግድ የሚያሰግር ሰው ፈቃድ እንዲያወጣ ያዛል፤ በመርዝና በፈንጂ ማስገርንም ይከለክላል። በአንዳንድ አገሮች ገደቡ በኪሎ ወይም በዓሣ ቁጥር ይወሰናል። በዝዋይ ግን ጀልባዎች በየዳርቻው ስለሚደርሱ ሁሉን መመዘን አዳጋች ነው። ስለሆነም የመረቡን ዓይን ስፋት መወሰን፣ በመራቢያ ወራት ማረፍና የመራቢያ ዳርቻዎችን መከለል የተሻለ መንገድ ነው።

፪. ለምን ያስፈልጋል?

እናቲቱ ቆሮሶ እንቁላልዋን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶችዋም አደጋ ሲያዩ ወደ አፏ ይመለሳሉ። በዚያን ጊዜ እርስዋ ስትያዝ አንድ ዓሣ ብቻ አይጠፋም። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 እናት ወፍን ከጫጩቶችዋ ጋር መውሰድን የከለከለው በዚሁ መንፈስ ነው። ቀድሞ የዝዋይ ምርት አብዛኛው ቆሮሶ ነበር፤ በኋላ ወደ ሐይቁ የገቡት ካርፕና አምባዛ ግን ድርሻውን ወስደዋል።

፫. አስጋሪውስ?

ገደቡ ዛሬ የሚነካው የዕለት እንጀራውን ነው። ዓይነ ሰፊ መረብ የዘረጋው ሰው ትንሹን ዓሣ ሲተው፣ ጎረቤቱ በዓይነ ጠባብ መረብ ጠርጎ ከወሰደው ቅጣቱ የደረሰው በታማኙ ላይ ነው። ስለዚህ ሕጉ ለሁሉ እኩል ካልተጠበቀ፣ በማረፊያው ወራትም ሌላ ሥራ ካልተገኘ፣ ገደቡ በድሀው ትከሻ ላይ ብቻ ይወድቃል።

፬. ውኃው ራሱ

የመረብ ገደብ ብቻውን አይበቃም። ዝዋይ ከመቂና ከቀታር ወንዞች ይሞላል፤ ትርፉ በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ይወርዳል። ለመስኖ የሚሳበው ውኃ ሲበዛ ወደ ታች የሚደርሰው ይቀንሳል። በአብያታ ውኃው በመስኖና በሶዳ አሽ ምርት ምክንያት እየሸሸ ጨዋማነቱ ጨመረ፤ ቀድሞ ዓሣ ይሰገርበት የነበረው ሐይቅም ዓሣ አልባ ሆነ። እዚያ ዓሣውን የጨረሰው መረብ አልነበረም። እንግዲህ አስጋሪው መረቡን እንዲገድብ የሚጠየቅ ከሆነ፣ ፓምፕ የተከለውም ውኃውን እንዲገድብ መጠየቅ ይገባዋል።

ለመምህራነ ክርስቶስ የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. ገና ያልደረሰ ዓሣ በገበያ ስናይ መግዛት ይገባናልን?
ለ. በማረፊያው ወራት የአስጋሪ ቤተሰብ በምን ይደገፍ?
ሐ. በአካባቢያችን ከወንዙ ውኃ የሚስበው ማን ነው? ስለ ልኩስ ማን ይጠይቀዋል?